ስለ ቡና ነጥብ አሰጣጥ፤ ጥሬው ቡናና ቡና መሸጫው በአንድ ሚዛን ይመዘናሉን?

ባለፈው የቡና ወራት ከአንድ ማዘጋጃ ቤት ወደ መሥሪያ ቤታችን አንድ ደብዳቤ መጥቶ ነበር። የደብዳቤው ቃል በአጭሩ እንዲህ የሚል ነው። በከተማው ውስጥ ያሉት ካፌዎችና በየመንገዱ ዳር ጀበና ጥደው ቡና የሚሸጡት ሰዎች ቍጥር እየበዛ ስለ ሄደ፥ ማዘጋጃ ቤቱ ሁሉንም አስመርምሮ በየደረጃቸው ሊመድባቸውና ደረጃውንም በየበራቸው ሊያስለጥፍ አስቧል፤ ስለዚህ መሥሪያ ቤታችን ቡና የሚመረምርበትን የነጥብ መስጫ ቅጽ እንዲልክለት ይጠይቃል። ጥያቄው የቅንነት ጥያቄ ነው። ቅጹም በእጃችን አለ፤ አባዝቶ መላክ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ነገር ግን ቅጹን እንዳለ ብንልከው ማዘጋጃ ቤቱን በስሕተት መንገድ እንመራው ስለ ነበር ሳንልክ ቀረን። ያልላክንበትንም ምክንያት ለደብዳቤው ጸሐፊ ብቻ ከመመለስ ይልቅ፥ ቡና ለሚተክለው ገበሬም፥ ደረጃ ለሚሰጠው ሹምም፥ ከሥራ ሲወጣ አንድ ሲኒ ለሚጠጣው የከተማ ሰውም ይጠቅም ዘንድ በዚህ ዓምድ መግለጹን መረጥን።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፥ ነጥብ ለአንድ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ መሆኑ ነው። ጥሬ ቡና የሚገዛ ነጋዴ «ጆንያውን ሳልፈታ ገንዘቤን ባወጣ እከስራለሁን?» ብሎ ይጠይቃል። ወደ ካፌ የሚገባ ሰው ግን «እዚህ ብቀመጥ ደኅና ቡና አገኛለሁን? ነገ ብመለስስ ያንኑ አገኛለሁን?» ይላል። ሁለቱም የሚጠይቁት ስለ ቡና ነው፤ የሚፈልጉት መልስ ግን አንድ አይደለም።

የነጋዴውን ጥያቄ ለመመለስ በአገራችን ብዙ ተደክሞበታል። ብሔራዊ የቡና ቦርድ በ1957 ተቋቁሞ ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን። ከዚያ ወዲህ የቡና ጥራት ምርመራ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሮ፥ በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ቡና ማገበያየት ሲጀምር እንደ ሐዋሳ፥ ዲላ፥ ጅማና ድሬዳዋ ባሉት ከተሞች የመመርመሪያ ክፍሎች እየተከፈቱ ምርመራው ወደ አብቃዩ አገር ቀረበ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጭነቱ ናሙና ይወሰዳል። መቶው ነጥብ በሁለት ተከፍሎ 40ው በዐይንና በአፍንጫ ለሚመረመረው ጥሬ ቡና፥ 60ው ተቆልቶ ለሚቀመሰው ሲኒ ይሰጣል። የሲኒው 60 ነጥብ ደግሞ ለንጽሕናው፥ ለኮምጣጣነቱ፥ ለውፍረቱና ለጣዕሙ ለእያንዳንዱ 15 ሆኖ ይደለደላል። ኮምጣጣነት ሲባል የተበላሸ ነገር መኮምጠጥ አይደለም፤ እንደ ሎሚ ወይም እንደ ብርቱካን ምላስን የሚያነቃው ስሜት ነው፤ ቀማሾች አሲዲቲ ይሉታል። ውፍረት ማለትም ቡናው በአፍ ውስጥ የሚሰጠው የክብደት ስሜት ነው። ውሃና ወተት በአፍ ሲያዙ እንደሚለያዩ ያለ ነው።

በዚህ መንገድ የተገኘው ነጥብ ወደ ደረጃ ይለወጣል፤ በዓለም ገበያ «ጅማ 5» እየተባለ የሚጠራው ደረቅ ቡና ስሙን ያገኘው ከዚህ ዐይነቱ ምደባ ነው። ገዢው ባሕር ማዶ ሆኖ ምን እንደሚደርሰው ያውቃል፤ ሻጩም ከሚገባው በታች አልተከፈለኝም ብሎ ለመከራከር የሚይዘው ወረቀት አለው። ነገር ግን ምርት ገበያው ቡና ባገበያየባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአንድ አካባቢ የመጣና አንድ ደረጃ ያገኘ ቡና ሁሉ እንደ አንድ ስለ ተቆጠረ፥ ቡናው የማን እንደ ሆነ ገዢው ሊለይ አልቻለም። እሸቱን አንድ በአንድ የለቀመው ገበሬና ቅርንጫፉን በእጁ ጠርጎ ያራገፈው ጎረቤቱ በአንድ ደረጃ ስም ተሸጡ። በ2017 የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቍጥጥር አዋጅ አብቃይና ገዢ በቀጥታ የሚገናኙበትን በር ከከፈተ በኋላ ነገሩ እየተቃለለ መጥቷል። ይህን ያነሣሁት ለወቀሳ አይደለም። ትክክለኛ የሆነ ነጥብ እንኳ ያልተጠየቀውን ነገር እንደማይናገር ለማሳየት ነው።

በውጭ አገር ገዢዎች ዘንድ የሚሠራበት ሌላም የ100 ነጥብ ቅጽ አለ። ይህን ቅጽ ያወጣው የአሜሪካ የልዩ ቡና ማኅበር ሲሆን፥ ማኅበሩ በ2017 ከአውሮፓው ጋር ተዋሕዶ አንድ ሆኗል። በቅጹ ላይ አሥር ነገሮች ይመዘናሉ። መዓዛ፥ ጣዕም፥ ከተዋጠ በኋላ በአፍ የሚቀረው ጣዕም፥ ኮምጣጣነት፥ ውፍረት፥ የእነዚህ ሁሉ መመጣጠንና የቀማሹ ጠቅላላ አስተያየት እያንዳንዳቸው ከ6 እስከ 10 በሩብ በሩብ ነጥብ ይሰጣቸዋል። የቀሩት ሦስቱ፥ ማለት የሲኒዎቹ መመሳሰል፥ ንጽሕናቸውና ጣፋጭነታቸው፥ በሲኒ ይቆጠራሉ። ከአንድ ናሙና አምስት ሲኒ ስለሚቀዳ ለእያንዳንዱ ሲኒ 2 ነጥብ ሲሆን 10 ይሆናል። ድምሩ 80 እና ከዚያ በላይ የሆነው ቡና «ልዩ ቡና» ይባላል። ቅምሻው የሚደረገውም በጥብቅ ሥርዓት ነው። ቡናው ፈዘዝ ባለ ቀለም ይቆላል፤ 8 ነጥብ 25 ግራም የሚሆነው ዱቄት በ150 ሚሊ ሊትር ውሃ፥ በ93 ዲግሪ ሙቀት ይቀዳበታል፤ አራት ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ከላይ የሰፈፈው ዱቄት በማንኪያ ይሰበራል፤ ያን ጊዜ ቀማሹ አፍንጫውን ወደ ሲኒው አቅርቦ ያሸታል። ቀጥሎም ቡናውን ከማንኪያው ላይ በታላቅ ድምፅ ይስበዋል። ይህን በእናቶቻችን ረከቦት ፊት ቢያደርጉት ነውር ነው፤ በቀማሾች ክፍል ግን ድምፅ የማያሰማ ሰው ሥራውን አያውቅም ይባላል።

ገበሬው ከዚህ ሁሉ ሊይዘው የሚገባው አንድ ስሌት አለ። ከአንድ ናሙና ከተቀዱት አምስት ሲኒዎች አራቱ መልካም ሆነው አምስተኛው ቢገማ፥ ከመመሳሰል 2፥ ከንጽሕና 2 ነጥብ ይጠፋል፤ ጉድለቱ ከባድ ከሆነ ደግሞ ስለዚያች ሲኒ ከድምሩ ላይ 4 ይቀነሳል። በጠቅላላው 8 ነጥብ ሄደ ማለት ነው። 86 ሊያገኝ ይችል የነበረ ቡና በ78 ከልዩ ቡና መዝገብ ይሰረዛል። በአንድ ሲኒ ውስጥ የሚገባው ቡና ስድሳ ፍሬ ቢሆን ነው፤ ሲኒዋን ለማግማት ከእነዚህ አንዱ ይበቃል። ያች አንዲት ፍሬ ከወዴት መጣች? ብዙ ጊዜ እንደማየው የምትመጣው ከማጠቢያው ገንዳ ጥግ ነው። የትናንቱ ቡና ሲታጠብ ጥቂት ፍሬ በስንጥቁ ውስጥ ቀርቶ ያድራል፤ በማግስቱ ከአዲሱ ጋር ሁለተኛ ይቦካል፤ ከዚያ በኋላ ማንም በዐይኑ ሊለየው አይችልም። ገንዳውን በየቀኑ በመጥረጊያ የማይፈገፍግ ማጠቢያ ጣቢያ የመላ መንደሩን ድካም በአንድ ጥግ ውስጥ ይቀብራል።

ጉድለት ሁሉ የራሱ ቃል አለው፤ ቃሉም ወደ መጣበት ቦታ ይመራል። በቅጹ ላይ «አፈር አፈር ይላል» የተባለ ቡና በባዶ መሬት ላይ የተሰጣ ነው፤ መድኃኒቱ ከመሬት ከፍ ብሎ በሽቦ ወይም በቀርከሃ የተሠራ አልጋ ነው። «ምላስ ያደርቃል» ከተባለ ያልበሰለ እሸት ከቀዩ ጋር ተለቅሟል። «የጠላ ሽታ አለው» ከተባለ የተለቀመው እሸት በጆንያ ታጭቆ አድሯል፤ ለቀማው በጠዋት ይጀመር፥ እሸቱም በዕለቱ ወደ መፈልፈያው ይድረስ። «ሻገተ» ከተባለ ቡናው ሳይደርቅ ወደ ጎተራ ገብቷል፤ እርጥበቱ ከመቶ 12 እጅ የበለጠ ቡና የሚቀመጥ ቡና አይደለም። «ይጨሳል» የተባለው ደግሞ ምድጃ ባለበት ጎጆ ውስጥ ያደረ ነው፤ ቡና የጎረቤቱን ሽታ ሁሉ የሚቀበል ነገር ነውና። እንግዲህ ገበሬው ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጸሐፊ ናሙና አስመርምሮ ሲመለስ ነጥቡን ብቻ ይዞ እንዳይመጣ አጥብቀን እንመክራለን። ቃሉን ይጠይቅ። «82 አገኘህ» የተባለ ገበሬ በሚመጣው ዓመት ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ «82 አገኘህ፤ ምላስ ያደርቃል» የተባለው ግን ያውቃል።

ስለ ነጥቡ ትክክለኛነትም አንድ ነገር እንጨምር። በቅጹ ላይ 79 ነጥብ 75 እና 80 በሩብ ነጥብ ብቻ ይለያያሉ፤ በገበያው ላይ ግን በመካከላቸው ወንዝ አለ። ከወንዙ ወዲህ የቀረው ተራ ቡና፥ የተሻገረው ልዩ ቡና ይባላል። ይሁን እንጂ ምላስ የብረት ሚዛን አይደለም። እኔ ራሴ አንድ ናሙና ዛሬ ቀምሼ 82 ከሰጠሁ በኋላ፥ ያንኑ ናሙና ስሙን ሰውረው በማግስቱ ቢያቀርቡልኝ 80 ነጥብ 5 ሰጥቻለሁ፤ ባልደረቦቼም ከዚህ የሚሻሉ አይደሉም። ስለዚህ በአንድ ሰው ምላስ ብቻ የተሰጠ ሩብ ነጥብ ሊታመን አይገባም። የብዙ ቀማሾች አማካይ ሲሆን ነገሩ ይሻላል። ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የሚባለው ውድድር በ1999 በብራዚል ተጀምሮ በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ፥ አንደኛ የወጣው የአንድ የሲዳማ ገበሬ ቡና 91 ነጥብ 04 አግኝቶ በሐራጅ አንዱ ፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ ተሽጧል። ያ የመቶኛ ክፍልፋይ ከአንድ ሰው አፍ የወጣ አይደለም፤ የብዙ ዳኞች ነጥብ ተደምሮ ሲካፈል የተገኘ ነው።

ማኅበሩም ራሱ ይህን ጉድለት ተመልክቶ በ2023 አዲስ አሠራር ለሙከራ አወጣ፤ በ2024ም ቋሚ ሥርዓቱ አደረገው። በአዲሱ አሠራር ቀማሹ ሁለቱን ነገሮች አይቀላቅልም። በአንድ ወረቀት ላይ ቡናው ምን እንደሚመስል ብቻ ይጽፋል፤ ይኸውም መዓዛው ምን ያህል ኀይለኛ ነው፥ ኮምጣጣነቱ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት፥ የአበባ ነው ወይስ የፍራፍሬ የሚለውን ነው። በሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ ምን ያህል እንደ ወደደው ከ1 እስከ 9 ባለው መለኪያ ያመለክታል። ይህ የዘጠኝ መለኪያ በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የምግብ ምርምር ክፍል የተፈለሰፈ ነው፤ የታሰበውም ወታደሩ የትኛውን ስንቅ እንደሚወድና የትኛውን እንደሚጥል ለማወቅ ነበር። የዘጠኙ መለኪያ ወደ 100 ሲመነዘር፥ በስምንቱም ክፍሎች ላይ 5 ያገኘ ቡና፥ ማለት ቀማሹ ያልወደደውም ያልጠላውም፥ 79 ይሆናል። እንግዲህ ልዩ ለመባል ቢያንስ ጥቂት መወደድ ያስፈልጋል ማለት ነው። መግለጽና መውደድ መለያየታቸው ትልቅ ማስተዋል ነው። አንዱ ገዢ የሐረርን ደረቅ ቡና ስለ ፍራፍሬ ጣዕሙ ሲሻማበት፥ ሌላው ስለዚያው ጣዕም ይተወዋል፤ ቡናው ግን ያው ነው።

ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ጥያቄ እንመለስ። ከላይ የተገለጹት ቅጾች ሁሉ ጥሬ ቡናን ለመመዘን የተሠሩ ናቸው። ስለዚህም የቆይው እጅ፥ የውሃው ዐይነት፥ የጀበናው አፈላል፥ የቤቱ ንጽሕና፥ የአስተናጋጁ ፊት፥ ዋጋውም ቢሆን ነጥቡን እንዳያዛባ ሆነ ተብሎ ከምርመራው እንዲወጣ ተደርጓል። ካፌው የሚሸጠው ደግሞ ይህንኑ ከምርመራው የወጣውን ነገር ነው። በቅጹ መሠረት ቡና ፈዘዝ ብሎ ይቆላል፤ የጀበና ቡና ግን በምጣድ ላይ እስኪጠቍር ተቆልቶ፥ ተወቅጦ፥ ፈልቶ የሚቀዳ ነው። ኮምጣጣነቱ በምጣዱ ላይ ቀርቷልና ከዚያ ወገን ነጥብ አያገኝም። ታዲያ የጀበና ቡና መጥፎ ነው ልንል ነውን? አንዳንድ አገር በጨው፥ አንዳንድ አገር በቅቤ፥ አንዳንድ አገር ጤና አዳም ተነክሮበት ይጠጣል፤ ለዚህ ሁሉ በቅጹ ላይ ቦታ የለም። በአዲስ አበባም ሆነ በአስመራ ሰዎች ቆመው የሚጠጡት ማኪያቶ ደግሞ ወተት ስላለበት ከነጭራሹ ከቅጹ ውጭ ነው። በነገራችን ላይ «ቡና ቤት» የሚለው ስም በብዙ ከተሞቻችን ቢራ ለሚሸጥበት ቤት ስለ ተሰጠ፥ በዚህ ጽሑፍ «ካፌ» እና «ቡና መሸጫ» የሚሉትን ቃላት ለመጠቀም ተገደናል።

የጥሬ ቡናን ቅጽ ለመሸጫ ቤት ማዋል ምን እንደሚያስከትል የማውቀው በራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ከተማ በዓል ላይ ከአምስት ዳኞች አንዱ ሆኜ ነበር። አሥራ ሁለት ቡና መሸጫዎችን በአንድ ጠዋት በእግራችን እየዞርን፥ የማን ቤት እንደ ሆነ እያየን፥ በዚህ በ100ው ቅጽ ነጥብ ሰጠን። የመጨረሻዋ በአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ በአንድ አግዳሚ ወንበርና በአንድ ረከቦት የሚሠሩ ሴት ነበሩ። እርሳቸው ዘንድ ስንደርስ እያንዳንዳችን አሥራ አንድ ሲኒ ጠጥተን ነበር፤ ከእርሳቸው በፊት የቀመስነውም ቅቤና ጤና አዳም የበዛበት ነበርና አፋችን ገና አልጠራም። እኔ 71 ሰጠሁ። ሌሎቹም ከዚህ አልራቁም። ድምሩ ተሠርቶ የአሥራ ሁለቱ ስም በተራ ቍጥር በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ እርሳቸው አሥራ ሁለተኛ ሆኑ።

ከሁለት ወር ያህል በኋላ በሌላ ጉዳይ በዚያ ሳልፍ፥ አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ በዚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። አቦሉን ቀዱልኝ። ንጹሕ፥ ያልተቃጠለ፥ በአፍ ውስጥ የሚቆይ ቡና ነበር፤ በዚያ ጠዋት ከቀመስናቸው ከማናቸውም አያንስም። ቀድሞ ሰው የማይጠፋበት አግዳሚ ላይ ግን ከእኔ በቀር የተቀመጠ አልነበረም። ሴትዮዋ አወቁኝ። አልተቆጡም፤ «ጋሼ፥ 71 ማለት ምን ማለት ነው? የቱን ላስተካክል?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። በወረቀቱ ላይ ከቍጥር በቀር አንድ ቃል አልጻፍሁም ነበርና። ቁልያውን ይሁን፥ ውሃውን ይሁን፥ ሲኒውን ይሁን፥ ልነግራቸው የምችለው ነገር አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእርሳቸው ሳይሆን የደከመው ምላሴና ተራቸው የመጨረሻ መሆኑ ነበር። ይህንኑ ነገርኋቸው፤ ማዘጋጃ ቤቱንም ወረቀቱን እንዲያነሣ ጠየቅሁ። ወረቀቱ ተነሣ፤ የሸሸው ደንበኛ ሁሉ ግን ተመልሷል ለማለት አልችልም።

ስለ መለኪያው እርከኖች ብዛትም ልናስብ ይገባል። በወይን ጠጅ ላይ ሮበርት ፓርከር የተባለው አሜሪካዊ ከ1978 ጀምሮ የ100 ነጥብን አሰጣጥ አስፋፋ፤ በቡናም ኮፊ ሪቪው የተባለው ኅትመት ከ1997 ጀምሮ በዚያው መንገድ ይሄዳል። መቶ ሲባል ሰፊ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የሚታተሙት ነጥቦች ብዙውን ጊዜ ከ80ዎቹ አጋማሽ እስከ 90ዎቹ አጋማሽ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ይጋፋሉ፤ ከዚያ በታች ያለው ባዶ ሜዳ ነው። የፈረንሣዩ ሚሽላን መጽሐፍ በተቃራኒው በጥቂት ይበቃል። በ1926 አንድ ኮከብ ብቻ ይሰጥ ጀመር፤ በ1931 ሁለትና ሦስት ኮከብ ጨመረ፤ በ1936ም የእያንዳንዱን ትርጕም በቃል አሳተመ። አንድ ኮከብ በዐይነቱ ጥሩ የሆነ ቤት፥ ሁለት ኮከብ መንገድ ቀይሮ ሊሄዱበት የሚገባ፥ ሦስት ኮከብ ለእርሱ ብቻ ተብሎ ጕዞ የሚደረግለት ማለት ነው። መንገደኛው ኮከቡን ሲያይ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ዛሬ ሰው ሁሉ በእጅ ስልኩ የሚሰጠው አምስት ኮከብ ግን እንዲህ ያለ ትርጕም የለውም፤ የተደሰተው አምስት፥ የተቆጣው አንድ ይሰጣል፤ በመካከሉ ያሉት ሦስቱ እርከኖች ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ።

ስለዚህ ለማዘጋጃ ቤቱ የላክነው ሁለት ወረቀት ነው። የመጀመሪያው የሲኒው ወረቀት ነው። ዳኞቹ በአንድ ቦታ ተቀምጠው፥ የማን እንደ ሆነ ሳያውቁ፥ በአንድ ጊዜ ከስድስት ሲኒ ሳይበልጡ ይቀምሳሉ፤ ለእያንዳንዱ ዳኛም የሲኒዎቹ ተራ ይለዋወጣል። የጀበናው ከጀበናው፥ ማኪያቶው ከማኪያቶው ጋር እንጂ አንዱ ከሌላው ጋር አይቀርብም፤ ጨው፥ ቅቤ ወይም ጤና አዳም የገባበትም ለብቻው ይቀመሳል። ጀበናው እንዳይቀዘቅዝ የቅምሻው ቦታ ከቤቶቹ እንዳይርቅ፥ ሩቅ የሆኑትም ከነምድጃቸው እንዲመጡ ጽፈናል። ሽቶ የተቀባ ዳኛ በዚያ ቀን አይቀመጥም። ዳኛው በመጀመሪያ ቃል ይጽፋል፥ ከዚያ በኋላ ብቻ እርከን ይመርጣል። እርከኖቹ አራት ናቸው፤ «ከሩቅ የሚመጡለት»፥ «ሁልጊዜ የሚጠጣ»፥ «አንድ ነገር የጐደለው» እና «መታረም ያለበት»። አራት ያደረግነው ጐዶሎ ቍጥር ከሆነ ዳኛው ሁሉ በመካከለኛው ስለሚሸሸግ ነው። «አንድ ነገር የጐደለው» ብሎ የሚፈርም ዳኛ የጐደለውን ነገር በስሙ መጻፍ አለበት፤ ካልጻፈ ፊርማው አይቆጠርም።

ሁለተኛው የቤቱ ወረቀት ነው፤ ይህ በስውር ሊሆን አይችልም፥ ነገር ግን ባለቤቱ ሳያውቅ በተለያየ ሰዓት ሦስት ጊዜ ሄዶ፥ እንደ ማንኛውም ሰው ከፍሎ የሚጠና ነው። ውሃው ከወዴት ይቀዳል? ሲኒው በምን ይታጠባል? ቡናው መቼ ተቆላ? ከየት አገር የመጣ ቡና እንደ ሆነ ለጠየቀ ይነገራልን? ዋጋው ተለጥፏልን? በሦስቱ ጕብኝት የቀረበው ቡና ይመሳሰላልን? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሠራተኛ ሰው በየቀኑ የሚሄድበት ቤት ዕድል የሚሞከርበት ሊሆን አይገባምና። ዋጋውን እንጽፈዋለን እንጂ አንመዝነውም፤ በመናኸሪያው አጠገብ ያለው አግዳሚና በአስፋልቱ ዳር ያለው የመስታወት ቤት በዋጋ ሊወዳደሩ አይችሉም።

ሁለቱ ወረቀቶች አይደመሩም። ቢደመሩ ያማረ ወንበር ያለው ቤት የተቃጠለ ቡናውን በወንበሩ ይሸፍናል፤ ሲኒ የማያጥብም በመዓዛው ያመልጣል። የቆሸሸ ሲኒ ወይም በድጋሚ የፈላ አተላ የተገኘበት ቤት እስኪያርም ድረስ ምንም እርከን አይሰጠውም፤ በጥሬ ቡናው ቅጽ ላይ ጉድለት ከድምሩ ላይ እንደሚቀነስ ሁሉ እዚህም በሌላ መልካም ነገር አይካካስም። ውጤቱ ከመለጠፉ በፊት ለባለቤቱ በቃል ይነበብለታል፥ ለማረምም አንድ ወር ይሰጠዋል። በበሩ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የተጐበኘበትን ቀን የሚያሳይ ሲሆን አንድ ዓመት ሲሞላው ይነሣል፤ ቆይው ሲለወጥ ቡናውም ይለወጣልና።

ማዘጋጃ ቤቱ በሰጠው መልስ ሐሳቡን በጠቅላላው እንደ ተቀበለ፥ ነገር ግን ለበዓሉ ቀን ሽልማት የሚሰጠው አንድ አንደኛ እንደሚያስፈልገው ገልጾልናል። ይህም ሊሆን ይችላል ብለን መልሰናል። «ከሩቅ የሚመጡለት» ከተባሉት መካከል ብቻ በሌላ ቀን ስውር ቅምሻ ተደርጎ አንዱ ይመረጥ፤ ከእርሱ በታች ያሉት ግን በተራ ቍጥር አይደርደሩ፥ አሥራ ሁለተኛ የሚባልም አይኑር።